ከኖቬምበር ጀምሩ፦ ኮንፈረንስ ለሌለው የኮሌጅ ፉትቦል ቡድን ተጋጣሚ አፈላለግ

አሜሪካ ውስጥ በኮሌጅ ስፖርት ቢሮ የምትሠሩ ወይም ስፖርት ማኔጅመንት የምትማሩ ልጆች የምትልኩልኝ የአሜሪካን ፉትቦል መርሐ ግብር ረቂቅ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖብኛል። ሴፕቴምበር ጢም ብሎ ሞልቷል። ስም ያላቸው ቡድኖች ተደርድረውበታል። ኦክቶበር ላይ ሁለት ሦስት ጨዋታ አለ። ኖቬምበር ነጭ ወረቀት ነው። ከዚያ «ምን ይሻለኛል?» የሚል መልእክት ይከተላል።

የሚሻለው ወረቀቱን ቀዶ ከኋላ መጀመር ነው።

ኮንፈረንስ (በየዓመቱ እርስ በርሳቸው የሚጫወቱ ትምህርት ቤቶች ማኅበር) ውስጥ ያለ ቡድን 8 ወይም 9 ጨዋታው ተዘጋጅቶ ይመጣለታል። የቀረውን ሦስት አራት ጨዋታ ብቻ ይፈልጋል። ኢንዲፔንደንት የሚባለው ቡድን ግን 12ቱንም ራሱ ይለቅማል። ለዚህም ነው ብዙዎቹ የሸሹት። ቢዋይዩ፣ ሊበርቲ፣ ኒው ሜክሲኮ ስቴት፣ አርሚና ዩማስ ሁሉም ኮንፈረንስ ገብተዋል። በ2025 ወቅት በላይኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም በኤፍቢኤስ፣ ብቻቸውን የቀሩት ኖተር ዴምና ዩኮን ነበሩ።

አንድ ነገር ላስታውስ። ወሮቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ኖቬምበር ስል የኛን የጥቅምት ማለቂያና ኅዳርን ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀቱን አዘጋጁ

የአንድ ዓመት ሠንጠረዥ አይበቃም። ቢያንስ የአምስት ዓመት አውጡ። ትልልቆቹ ቡድኖች ከብዙ ዓመት በፊት ነው የሚዋዋሉት። ኖተር ዴምና ክሌምሰን በ2025 ያስታወቁት ስምምነት ከ2027 እስከ 2038 የሚዘልቅ ነው። ለመጪው ዓመት ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ሌላው የተወውን ነው።

1.1 ቅዳሜዎቹን ቁጠሩ። ከሌበር ደይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ) በፊት ካለው ቅዳሜ እስከ ታንክስጊቪንግ (የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ) ቀጥሎ እስካለው ቅዳሜ ያሉትን ቀኖች አንድ በአንድ በቁጥር ጻፉ። በ2025 ቅዳሜዎቹ 14 ነበሩ። ከ2026 እስከ 2029 በየዓመቱ 13 ናቸው። 14 የሚሆኑት እንደገና በ2030 ነው። 12 ጨዋታ በ13 ቅዳሜ ማለት የእረፍት ሳምንታችሁ አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ሁለት እረፍት ይዞ የተሠራ የ2027 ረቂቅ ስንት ጊዜ እንደተላከልኝ አትጠይቁኝ።

«የኖቬምበር ሁለተኛ ቅዳሜ» ብላችሁ አትጻፉ። «ኖቬምበር 14፣ 2026» በሉ።

1.2 ሕጎቹን ከወረቀቱ አናት ላይ ለጥፉ። ከዓይናችሁ እንዳይርቁ፦

– መደበኛው ወቅት 12 ጨዋታ ነው።
– ከጨዋታዎቹ ቢያንስ 60 በመቶው ከኤፍቢኤስ ቡድን ጋር ይሁን። ከ12 ሲሰላ 8 ማለት ነው።
– ቢያንስ 5 የኤፍቢኤስ ቡድኖች ወደ እናንተ ሜዳ ይምጡ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው።
– ቦውል (ከመደበኛው ወቅት በኋላ የሚደረግ ጨዋታ) ለመግባት 6 ድል ያስፈልጋል። ከታችኛው ዲቪዚዮን፣ ከኤፍሲኤስ፣ የሚገኝ ድል የሚቆጠረው አንዴ ብቻ ነው።

ኤፍሲኤስ ሁሉ አንድ አይደለም። ተጋጣሚው የስኮላርሺፕ መስፈርቱን ካላሟላ ድሉ ላይቆጠርላችሁ ይችላል። የፓዮኒር ሊግ ቡድኖች ለምሳሌ የፉትቦል ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ሕጉ በየጊዜው ስለሚነካካ በየዓመቱ ከኮምፕላያንስ ቢሮ (የስፖርቱ ሕግ መከበሩን ከሚከታተለው ክፍል) መልሱን በጽሑፍ ውሰዱ። «ባለፈው ዓመት እንዲህ ነበር» የሚል ሰው አትስሙ።

1.3 ስታዲየሙን ያዙ። ዩኮን የሚጫወተው ኢስት ሃርትፎርድ በሚገኘው ሬንችለር ፊልድ ነው። 38 ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። ሜዳው ግን የክፍለ ግዛቱ ንብረት ነው፣ ከካምፓሱም ይርቃል። የራሳችሁ ያልሆነ ሜዳ የራሱ ካላንደር አለው።

እኔ በዚህ ተቀጥቻለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ረዳት ሆኜ ስሠራ ለአንድ የኦክቶበር ቅዳሜ ተጋጣሚ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ ነገርኩ። ሜዳው ለኮንሰርት ተከራይቶ ነበር። መድረኩ ሐሙስ ተተክሎ የሚነሳው እሑድ ነው። ያገኘሁትን ቡድን መልሼ «ይቅርታ» ማለት ግድ ሆነብኝ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ስልኬን ለማንሳት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

ስለዚህ የሜዳውን ኃላፊ ቀድማችሁ አግኙ። ለአምስቱም ዓመት የተያዙትንና ክፍት የሆኑትን ቀኖች በኢሜይል ይላኩላችሁ። ቃል ብቻ አትቀበሉ።

ደረጃ 2፦ ከኖቬምበር ጀምሩ

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሴፕቴምበር ላይ ሁሉም ቡድን ከኮንፈረንሱ ውጪ ይጫወታል። ገበያው ሰፊ ነው፣ ሻጩም ገዢውም ብዙ ነው። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ በሩ መዘጋት ይጀምራል። ኖቬምበር ላይ ሁሉም እርስ በርሱ ተቆልፏል። እናንተ ብቻ ውጭ ቆማችሁ ታንኳኳላችሁ።

ነገሩ ደግሞ እየባሰ ነው። ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ቢግ ቴንና ቢግ 12 በኮንፈረንስ ውስጥ 9 ጨዋታ ነው የሚጫወቱት። ኤስኢሲ ከ2026 ጀምሮ ከ8 ወደ 9 ከፍ ብሏል። ኤሲሲም በዚያው ዓመት ወደ 9 መሸጋገር ጀምሯል። 9 የሚጫወት ቡድን ለውጭ ሰው የሚተርፈው 3 ጨዋታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከኖቬምበር የመጨረሻ ቅዳሜ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ሙሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦

2.1 አሁንም 8 የሚጫወቱትን ለዩ። እያንዳንዱ ኮንፈረንስ በዓመቱ ስንት ጨዋታ እንዳለው በሠንጠረዣችሁ ጎን ጻፉ። 8 የሚጫወት ኮንፈረንስ ውስጥ ያለ ቡድን 4 የውጭ ጨዋታ ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ኖቬምበር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ዩኮን በ2025 ዱክን ኖቬምበር 8 ላይ በሜዳው ያስተናገደው በዚህ ቀዳዳ ነው። 37 ለ 34 አሸነፈ። ዱክ በዚያው ዓመት የኤሲሲ ሻምፒዮን ሆነ። በኖቬምበር እንዲህ ያለ እንግዳ ሜዳችሁ ድረስ ሲመጣ ዋጋው ከሁለት የሴፕቴምበር ጨዋታ ይበልጣል።

2.2 ከታንክስጊቪንግ በፊት ያለውን ቅዳሜ ተመልከቱ። በዚያ ቀን የኤስኢሲ ቡድኖች ከዋናው የባላንጣ ጨዋታቸው በፊት ቀለል ያለ ተጋጣሚ ወደ ሜዳቸው ጠርተው፣ ከፍለው የመጫወት ልማድ አላቸው። ዩማስ ኖቬምበር 23፣ 2024 ጆርጂያ ሄዶ 59 ለ 21 ተሸነፈ። ውጤቱ ያማል፣ ሳምንቱ ግን ተሞልቷል፣ ገንዘብም ገብቷል። በየዓመቱ አንድ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይበቃችኋል።

2.3 እንደናንተ ቤት የሌላቸውን ፈልጉ። ኖቬምበር ላይ ክፍት ቀን ያለው ሌላ ኢንዲፔንደንት ወይም ኮንፈረንሱ የፈረሰበት ቡድን ነው። ዋሽንግተን ስቴትና ኦሬገን ስቴት ፓክ 12 ተበትኖ ሁለት ብቻቸውን ሲቀሩ በ2025 ኖቬምበር 1 እና ኖቬምበር 29 ላይ ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል።

2.4 ሁለት ጊዜ መገናኘትን አትናቁ። ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ይስቃሉ። ሊበርቲና ኒው ሜክሲኮ ስቴት ግን በ2018ም በ2019ም በአንድ ወቅት ሁለት ሁለት ጊዜ ተጫውተዋል። አንዱ በአንዱ ሜዳ፣ ሌላው በሌላው። ኒው ሜክሲኮ ስቴት በ2021 ከሃዋይ ጋርም እንዲሁ አድርጓል። ለሁለቱም አንድ አንድ የሜዳ ጨዋታ ተገኘ፣ አንድ አንድ ባዶ ሳምንትም ተሸፈነ።

*ካልተሳካ፦* አንድ የኖቬምበር ቅዳሜ አልሞላ ካለ የእረፍት ሳምንታችሁን እዚያ ላይ አድርጉ። ሁለት ካልሞላ ግን ወደ ሴፕቴምበር አትሂዱ። ደረጃ 3ን ሞክሩ።

ደረጃ 3፦ በችርቻሮ ካልሆነ በጅምላ

12 ጨዋታ ከ12 አትሌቲክ ዳይሬክተር (የትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ) ጋር መደራደር አድካሚ ነው። ከአንድ ኮንፈረንስ ጋር በአንድ ጊዜ መዋዋል ይቻላል። ኖተር ዴም ከ2014 ጀምሮ ከኤሲሲ ጋር በዓመት በአማካይ አምስት ጨዋታ ያደርጋል። ሌሎች ስፖርቶቹን እዚያ ስላስገባ ለመደራደሪያ የያዘው ነገር ነበረ። ኦሬገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት በ2024 ከማውንቴን ዌስት ጋር እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ጨዋታ ወሰዱ። ዋጋው 14 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ይህን ስትጠይቁ «ምን ትሰጡናላችሁ?» ይባላል። ገንዘብ ከሌላችሁ የሜዳ ጉብኝት፣ የቴሌቪዥን ሰዓት፣ ወይም የሌላ ስፖርት ጨዋታ ይኑራችሁ። ቅርጫት ኳሳችሁ ጠንካራ ከሆነ እሱን አምጡት። ባዶ እጃችሁን አትግቡ።

የጅምላ ውል አንድ አደጋ አለው። ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል። ከላይ ያልኩት የማውንቴን ዌስት ስምምነት ለ2025 አልታደሰም፣ ስድስት ስድስት ባዶ ቀን በአንዴ ተከፈተ። ስለዚህ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ምትክ መፈለግ ጀምሩ።

ደረጃ 4፦ ስልኩን አንሱ

ኢሜይል ብቻ የሚልክ ሰው ተጋጣሚ አያገኝም። በኢሜይል ጀምሩ፣ በማግስቱ ደውሉ። በአብዛኛው የምታገኙት አትሌቲክ ዳይሬክተሩን ሳይሆን ለፉትቦል የተመደበውን ምክትል ነው። ይሄ ሰው በቀን ብዙ እንዲህ ያለ ስልክ ይደርሰዋል። ሁለት ደቂቃ ነው ያላችሁ።

የሚሠራው ስልክ ይህን ይመስላል፦

«ኖቬምበር 13፣ 2027 ክፍት እንደሆናችሁ አይቻለሁ።»
«ልንሆን እንችላለን። ምን አሰባችሁ?»
«ደርሶ መልስ። መጀመሪያ እናንተ ትመጣላችሁ፣ በ2029 እኛ እንመጣለን።»
«2029 ተይዞብናል። 2030 ይሆናል?»
«ኦገስት ላይ ካልሆነ ይሆናል። ዛሬ ማታ ረቂቁን ልላክ?»

አያችሁት? ቀኑን ይዞ ገባ። የጨዋታውን ዓይነት ተናገረ። ማን መጀመሪያ እንደሚያስተናግድ አስቀመጠ። «ክፍት ቀን ይኖራችሁ ይሆን?» ብሎ የሚደውል ሰው የሚሰማው «እናያለን» የሚል መልስ ነው። «እናያለን» ደግሞ እንደ አበሻ «እሺ፣ እንገናኝ» ነው። አይገናኙም።

ክፍት ቀኖችን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ኤፍቢስኬጁልስ የተባለው ድረ ገጽ ነው፣ የቡድኖችን የወደፊት መርሐ ግብር ይዘረዝራል። ሁለተኛው ቴሌቪዥን ነው። ጨዋታችሁን የሚያስተላልፈው ጣቢያ ማን የት ክፍት እንደሆነ በደንብ ያውቃል። ጥሩ ጨዋታ ለእሱም ስለሚጠቅመው ያገናኛችኋል። በወር አንዴ ደውላችሁ «ምን ሰማችሁ?» በሉ።

*ካልተሳካ፦* ሦስት ጊዜ ደውላችሁ ያልመለሰ ሰው መልሶላችኋል። ስሙን ከዝርዝሩ አትሰርዙ፣ ቀን ጻፉበትና ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ። አሠልጣኝ ሲቀየር ወይም አዲስ ዳይሬክተር ሲመጣ የትናንቱ «አይሆንም» ይለወጣል።

ደረጃ 5፦ የሜዳውንና የገንዘቡን ሂሳብ አስታርቁ

ጨዋታ የሚገኘው በአራት መንገድ ነው። ደርሶ መልስ አለ። «ሁለት ለአንድ» አለ፣ ሁለቴ ትሄዳላችሁ፣ አንዴ ይመጣሉ። ገለልተኛ ሜዳ አለ። የመጨረሻው ጋራንቲ የሚባለው ነው። አንዱ ይሄዳል፣ ገንዘብ ይቀበላል፣ መልስ ጨዋታ የለም።

ጋራንቲው አፍ ያስከፍታል። ኖተር ዴም በ2022 ማርሻልን ለማስተናገድ 1.25 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2024 ኖርዘርን ኢሊኖይን ለማስተናገድ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሁለቱንም ተሸነፈ፣ 26 ለ 21 እና 16 ለ 14። ለእንግዳው ቡድን ግን ይሄ የዓመት ደስታ ነው። ገንዘቡም ድሉም።

አደጋው ሱስ መሆኑ ነው። የበጀት ሰዎች ከአንዱ ቼክ በኋላ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ ይጠይቃሉ። ዩማስ ከ2016 እስከ 2024 ኢንዲፔንደንት ሆኖ አንድም ወቅት ከ4 በላይ አላሸነፈም። ምክንያቱ መርሐ ግብሩ ብቻ ነው አልልም። ግን በየዓመቱ ከትልልቆቹ ሜዳ እየተደበደበ የሚመለስ ቡድን ተጫዋች መመልመል ይከብደዋል። የኔ ገደብ በዓመት ሁለት ጋራንቲ ነው። ሦስተኛውን የፈለገ አለቃ በጽሑፍ ይዘዝ።

ሂሳቡን እንዲህ ሥሩ፦

1. መጀመሪያ 5ቱን የሜዳ ጨዋታ ሙሉ። ከኤፍቢኤስ ቡድን ጋር ብቻ።
2. ስድስተኛ የሜዳ ጨዋታ አድርጋችሁ ኤፍሲኤስ ጨምሩ። አንድ ብቻ፣ ሴፕቴምበር ላይ።
3. ቀጥሎ ሁለቱን ጋራንቲ አስገቡ።
4. የቀሩትን አራት በደርሶ መልስ የመልስ ጉዞና በቅርብ ጎረቤት ሙሉ። በአውቶቡስ የሚኬድ ተጋጣሚ የቻርተር አውሮፕላን ኪራይ ያድናል።

ሃዋይ ለብቻው መነገር አለበት። ሆኖሉሉ ሄዶ ከሃዋይ ጋር የሚጫወት ቡድን 13ኛ ጨዋታ እንዲጨምር ሕጉ ይፈቅዳል። ጉዞው ውድ ነው፣ ተጨማሪው ጨዋታ ግን ሜዳችሁ ላይ ከሆነ ያካክሳል። ሁለት ነገር አትርሱ። 13 ጨዋታ ስትጫወቱ 6 ድል አይበቃም፣ 7 ያስፈልጋል። 13 ቅዳሜ ባለበት ዓመት ደግሞ እረፍት አይኖራችሁም። ከሌበር ደይ በፊት ባለው ሳምንት ለመጀመር ካሰባችሁ ፈቃዱን ኮምፕላያንስን ጠይቁ።

*ካልተሳካ፦* አምስተኛው የሜዳ ጨዋታ ጠፋ እንበል። «ሁለት ለአንድ» አቅርቡ፣ ግን የእናንተ ሜዳ መጀመሪያ ይሁን። ወይም በጋራንቲ የምታገኙትን ገንዘብ ከፊሉን አንድ ትንሽ ኮንፈረንስ ውስጥ ላለ ቡድን ከፍላችሁ አምጡት። ተቀብላችሁ መክፈል ያሳፍራል የሚል ካለ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው በሉት።

ደረጃ 6፦ ውሉን አንብቡ፣ ደግማችሁ አንብቡ

ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል። እዚህ ሙያ ውስጥ ዕዳ የሚሆነው ሲፈረም ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የሌሎችን ውል አንብቡ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውል በሕግ ተጠይቆ የሚገኝ ሰነድ ስለሆነ ብዙ ቅጂ ይገኛል። የግል ትምህርት ቤት ውሉን ባያሳይም ተጋጣሚው የመንግሥት ከሆነ በዚያ በኩል ይወጣል።

እነዚህ አንቀጾች ላይ ጣታችሁን እያስኬዳችሁ ፈልጉ፦

ቀኑ። በቁጥር ካልተጻፈ አትፈርሙ። «በስምምነት የሚወሰን ቀን» የሚል ውል ፈርሜ አውቃለሁ። ዓመቱ ሲደርስ እነሱ ሴፕቴምበርን ፈለጉ፣ እኔ ኖቬምበርን። ስምምነት ስላልነበረ ጨዋታም አልነበረም።

የመሰረዣ ክፍያ። ሁለት ነገር ይኑረው። አንደኛ፣ ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ይጨምር። ሁለት ዓመት ሲቀረው የተሰረዘና ሁለት ወር ሲቀረው የተሰረዘ አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይገባም። ሁለተኛ፣ ምትክ ለማምጣት የሚበቃ ይሁን። ምትክ ጋራንቲ በሚሊዮን በሚጠየቅበት ገበያ 300 ሺህ ዶላር የመሰረዣ ክፍያ «ስትፈልጉ ሰርዙ» ከማለት አይለይም።

የመልስ ጨዋታ። ቀድማችሁ ከሄዳችሁ፣ እነሱ መልሱን ለመሰረዝ ብዙ ምክንያት ያገኛሉ። መጀመሪያ እነሱ እንዲመጡ ተሟገቱ። ካልሆነ የመልሱ ጨዋታ መሰረዣ ከመጀመሪያው እጥፍ ይሁን።

የኮንፈረንስ ለውጥ። ተጋጣሚው ኮንፈረንስ ከቀየረ ወይም ኮንፈረንሱ ጨዋታ ከጨመረ ያለ ክፍያ መውጣት ይችላል የሚል አንቀጽ ካለ አስወጡት። ኤስኢሲና ኤሲሲ ወደ 9 በሄዱበት ዘመን ይሄ ትንሽ መስመር አይደለም። እምቢ ካሉ «ክፍያው በግማሽ» በሉ።

ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ። ከ2020 በፊት ይህን አንቀጽ ማንም አያነበውም ነበር። ወረርሽኝ፣ አውሎ ነፋስ፣ የመንግሥት ክልከላ ተዘርዝረው ይጻፉ። ጨዋታው ይሰረዛል ወይስ ይዛወራል? ለየትኛው ዓመት? ግልጽ ይሁን።

ዳኞች። ኮንፈረንስ ዳኞች ይመድባል። እናንተ ኮንፈረንስ የላችሁም። ስለዚህ ለሜዳችሁ ጨዋታ ዳኛ የሚልክ ኮንፈረንስ ጋር ለብቻ ተዋዋሉ። በእያንዳንዱ ውል ላይም ማን እንደሚልክና ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።

የቴሌቪዥን መብት የባለሜዳው ነው፣ ብዙ አያከራክርም። የእንግዳው ትኬት ብዛት፣ ያልተሸጠው የሚመለስበት ቀን፣ ጋራንቲው የሚገባበት ቀን፤ እነዚህን ጠበቃችሁ ያየዋል። እናንተ ግን ጋራንቲው የሚገባበት ቀን ከበጀት ዓመታችሁ መዝጊያ በፊት መሆኑን አረጋግጡ።

ደረጃ 7፦ ቅደም ተከተሉን በአሠልጣኝ ዓይን እዩት

ወረቀቱ ሲሞላ ለአሠልጣኙ አሳዩት። ከላይ እስከ ታች ያንብበው። ሦስት ተከታታይ ከሜዳ ውጪ ካየ ይጮኻል፣ ልክም ነው። የእረፍት ሳምንቱ ከመሃል ወደ ኋላ ይሁን። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የወደቀ እረፍት የሚያሳርፈው ያልደከመ ቡድን ነው።

ፕሌይኦፍ (የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚለይበት ውድድር) የምታልሙ ከሆነ የከባዶቹ ጨዋታዎች ቦታ ያሳስባችሁ። ኢንዲፔንደንት የኮንፈረንስ ፍጻሜ የለውም። ሌሎቹ ዲሴምበር መግቢያ ላይ አንድ ተጨማሪ ዕድል ሲያገኙ እናንተ ሶፋ ላይ ናችሁ። ኖተር ዴም በ2025 በማያሚ 27 ለ 24፣ ከዚያ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 41 ለ 40 ተሸነፈ። ሁለቱም እስከ ሴፕቴምበር 13 ያለቁ ናቸው። ቀጥሎ 10 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ለፕሌይኦፉ ቡድን የሚመርጠው ኮሚቴ ግን ማያሚን አስገብቶ እሱን ውጭ ተወው። ሁለቱንም ከባድ ጨዋታ ከፊት መደርደር በኋላ ስህተትን ለማረም የሚያስችል ትልቅ መድረክ አያስቀርም። አንዱን ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ለማድረግ ታገሉ። ለዚህም መልሱ ያው ደረጃ 2 ነው።

ለመካከለኛ ቡድን ይሄ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልግም። እናንተ 6 ድል ቁጠሩ። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ «ድል»፣ «ሽንፈት»፣ «አጠራጣሪ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። «ድል»ና ግማሹ «አጠራጣሪ» ተደምሮ 6 ካልሞላ አንድ ጋራንቲ አውጡ።

ደረጃ 8፦ ተጋጣሚ ሲሰርዝባችሁ

ይሰርዛሉ። «ቢሰርዙ» ብላችሁ አታስቡ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ስረዛውን በጽሑፍ አግኙ። በስልክ የተነገረን ስረዛ ለማንም አትናገሩ፣ ምትክም አትፈርሙ። ምትክ ፈርማችሁ እነሱ «አልሰረዝንም» ቢሉ ውል አፍራሽ እናንተ ናችሁ።
2. የመሰረዣውን ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ይውጣ።
3. ለእያንዳንዱ ቅዳሜ ቀድማችሁ የያዛችሁትን የተጠባባቂ ዝርዝር አውጡ። ከሌላችሁ ዛሬ ሥሩት፤ በእያንዳንዱ ቀን አንጻር በዚያ ቀን እረፍት ላይ ያሉ ሦስት ቡድኖች ይኑሩ።
4. ሦስተኛ ወገን ፈልጉ። ሰራዡ የሄደው ወደ ሌላ ጨዋታ ነው። ያ አዲሱ ተጋጣሚው ደግሞ የተወው ሌላ ቡድን ሊኖር ይችላል። የተተወው እንደናንተ ክፍት ነው። ብዙ ምትክ የሚገኘው በዚህ ሰንሰለት ነው።
5. ኤፍሲኤስ የመጨረሻ አማራጭ ነው። አንዱን ቀድማችሁ ከያዛችሁ ሁለተኛው ድል አይቆጠርም፣ የ60 በመቶውንና የ5ቱን ሂሳብም ደግማችሁ አስሉ።

ሳምንቱ ውስጥ ቢሰረዝስ? ዲሴምበር 2020 ላይ ሊበርቲ በኮቪድ ምክንያት ከኮስታል ካሮላይና ጋር የነበረውን ጨዋታ መጫወት አልቻለም። ያኔ ኢንዲፔንደንት የነበረው ቢዋይዩ ሐሙስ ቀን ተስማማ፣ ቅዳሜ ዲሴምበር 5 ከዩታ ሳውዝ ካሮላይና ተሻግሮ ተጫወተ። 22 ለ 17 ተሸነፈ። የመጨረሻው ኳስ አንድ ያርድ ሲቀረው ቆመ። ያልተሸነፈ ወቅቱን አጣ። ብዙ ሰው «ምን አስኬዳቸው?» አለ። እኔ ግን ያንን ስልክ ያነሳውን ሰው እቀጥረዋለሁ።

እንዲህ ለማድረግ ሦስት ነገር ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ባዶ ቦታዎቹ ብቻ የሚሞሉ፣ በጠበቃ የታየ የአንድ ገጽ ውል፤ በ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ የሚመጣ የቻርተር ድርጅት ስልክ ቁጥር፤ የዳኞች አስተባባሪው የእጅ ስልክ። የቢሮውን ስልክ ሐሙስ ማታ ማንም አያነሳም።

ምትኩ ሲፈረም የምትደውሉት መጀመሪያ ለስታዲየሙ፣ ቀጥሎ ለቴሌቪዥኑ፣ ከዚያ ለትኬት ክፍሉ ነው። ጋዜጠኞች በመጨረሻ። የሰረዘው ቡድን ፋይል ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ይቆይ።